ላፕቶፑ ነቃ፣ ዋይፋዩ ግን ተኝቶ ቀረ፦ ከስሊፕ በኋላ የሚጠፉ መሣሪያዎችን መመርመሪያ

የላፕቶፔ ዋይፋይ ለወራት ያህል ከእንቅልፍ አልነሳም ብሎኝ ነበር። ክዳኑን ስዘጋው ደህና ነው። ስከፍተው ስክሪኑ ይበራል፣ ስጽፍ የነበረው ጽሑፍም እዚያው ይጠብቀኛል። ዋይፋዩ ግን ከነምልክቱ የለም። ሪስታርት ሳደርገው ይመለሳል። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ፎርማት ተደረገ። ሁለት ቀን ሠራ፣ በሦስተኛው ያው ሆነ። በመጨረሻ ችግሩ የተፈታው አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለችን የራይት ምልክት በማንሳት ነው። በፎርማቱ የጠፋብኝ ፋይል ግን እንደጠፋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም የቤተሰቤንም ላፕቶፕ ስመለከት የምከተለው አካሄድ አለኝ። ከስሊፕ በኋላ መሣሪያ ሲጠፋ መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ያልነቃው ማን እንደሆነ ነው። ፎርማት ይህን ሳያውቁ የሚወሰድ እርምጃ ነው። ከታች ያለው በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የሚሠራ ነው።

ስሊፕ ላይ ምን ይሆናል?

ኮምፒውተሩ ሲተኛ ራሙ (የተከፈተው ሥራ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ትንሽ ኃይል እያገኘ የያዘውን እንደያዘ ይቆያል። ዋይፋይ ካርዱ፣ ድምፁ፣ ካሜራውና ታችፓዱ ግን ይጠፋሉ ወይም በጣም ዝቅ ባለ ኃይል ላይ ይቀመጣሉ። ክዳኑ ሲከፈት ሥራው በቅብብል ይሄዳል። መጀመሪያ ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም፣ ይነሳል፤ ለዊንዶውስ ያስረክባል። ዊንዶውስ ደግሞ እያንዳንዱን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ የራሱን ዕቃ እንዲቀሰቅስ ያዘዋል። ኃይል የተቋረጠበት ዕቃ የነበረበትን ሁኔታ ረስቷል። ስለዚህ ድራይቨሩ እንደ አዲስ ሊያስተካክለው ይገባል። ድራይቨሩ ዕቃው ሁሉን እንደሚያስታውስ ቆጥሮ ከቀጠለ ግን መሣሪያው ዝም ይላል።

ይህ ቅብብል የሚመራበት ደንብ ኤሲፒአይ ይባላል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ነው። ዛሬም ባዮሱና ዊንዶውስ የሚግባቡት በእሱ ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቻችን አራት ናቸው፦ ባዮሱ፣ የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር፣ ድራይቨሩና ዕቃው ራሱ። ከልምዴ ዕቃው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከሁሉም ባነሰ ጊዜ ነው። ሰው ለመግዛት የሚሮጠው ግን አዲስ ዕቃ ነው።

ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ሪስታርት መሣሪያውን ይመልሳል፣ ማስረጃውን ግን ያጠፋል። ስለዚህ ችግሩ ሲደርስ ሥራችሁን ሴቭ አድርጉና ወረቀት አውጡ። የጠፋው አንድ መሣሪያ ነው ወይስ ብዙ? ላፕቶፑ የተኛው ለስንት ሰዓት ነው? ቻርጀር ተሰክቶ ነበር? ያስተኛችሁት ክዳኑን ዘግታችሁ ነው ወይስ ከስታርት ሜኑ? ዩኤስቢ ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ለብዙ ዕቃ የሚያካፍል) ወይም ሌላ ስክሪን ተሰክቶ ነበር? ጻፉት።

ይህ ማስታወሻ ብዙ ሥራ ያቀልላል። ማውሱም፣ ኪቦርዱም፣ ፍላሹም አንድ ላይ ከጠፉ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ተበላሹ ማለት አይመስልም። የተሰኩበት ሃብ ወይም የዩኤስቢው መቆጣጠሪያ ነው ያልነቃው። ችግሩ ከአጭር ስሊፕ በኋላ የማይታይና ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ብቻ የሚመጣ ከሆነም ሌላ ፍንጭ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ከስሊፕ ወደ ሃይበርኔት ይሻገራሉ። በሃይበርኔት ራሙ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የሚነሳበትም መንገድ ሌላ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ፈትኗቸው።

ዲቫይስ ማኔጀር ምን ይላል?

መሣሪያው እንደጠፋ፣ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን መስኮት) ምረጡ። የጠፋው ታችፓድ ቢሆንም በቀስት ቁልፎች መውረድ ይቻላል። አሁን የጠፋውን መሣሪያ ፈልጉ። ከሦስት ነገሮች አንዱን ታያላችሁ።

መሣሪያው ምንም ምልክት ሳይኖርበት በቦታው ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስ ሁሉም ደህና ነው እያለ መሣሪያው ግን አይሠራም። ራይት ክሊክ አድርጉና ዲሰብል በሉት፤ አሥር ሰከንድ ያህል ቆዩና መልሳችሁ ኢነብል አድርጉት። ከሠራ ትልቅ ነገር አወቃችሁ፦ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ድራይቨሩ ከእንቅልፍ ሲነሳ በትክክል አላዘጋጀውም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ታችፓዱን ዲሰብል ከማድረጋችሁ በፊት ማውስ ሰክታችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ቢጫ ምልክት ነው። መሣሪያውን ሁለት ጊዜ ክሊክ ስታደርጉ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ኮድ ይጻፋል። ኮድ 10 መሣሪያው ሥራ መጀመር አልቻለም ማለት ነው። ኮድ 43 ደግሞ መሣሪያው ራሱ ችግር እንዳለበት ስለተናገረ ዊንዶውስ አቆመው ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉት። እዚህም ዲሰብልና ኢነብልን ሞክሩ። እምቢ ካለ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ አንኢንስቶል ዲቫይስ በሉት። ድራይቨሩንም ልሰርዝ ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ሳጥን ግን ባዶ ተዉት። ከዚያ ከላይ አክሽን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ስካን ፎር ሃርድዌር ቼንጅስ የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ዕቃውን እንደ አዲስ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ መሣሪያው ከዝርዝሩ ጨርሶ የለም። ቪው ውስጥ ገብታችሁ ሾው ሂድን ዲቫይስስ ስትሉ ስሙ ደብዝዞ ይታያል። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንደተነቀለ ቆጥሮታል። ወይ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ ለጥሪው መልስ አልሰጠም። እዚህ ላይ ጥርጣሬው ከድራይቨሩ ወደ ባዮሱና ወደ ኃይል አቅርቦቱ ያዘነብላል።

ሹት ዳውን እና ሪስታርት አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው «አጥፍቼ አበራሁት፣ ምንም ለውጥ የለም» ይለኛል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ይህ በርቶ ከሆነ ሹት ዳውን ስትሉ ዊንዶውስ የውስጥ ክፍሉንና ድራይቨሮቹን ያሉበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚጠፋው። ስታበሩት ያንኑ ያነሳዋል። የተምታታ ድራይቨርም ከነመምታታቱ ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል።

ስለዚህ ለምርመራችን ሦስት ደረጃ አለን። መጀመሪያ ሪስታርት። ካልመለሰው ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሹት ዳውን፤ እንዲህ ሲሆን ፋስት ስታርታፕ ይዘለላል፣ በትክክል ይጠፋል። እሱም ካልመለሰው አጥፍታችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። በማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል ይፈስሳል።

የመጨረሻው ብቻ የሚመልሰው ከሆነ ይህን ከሥሩ አስምሩበት። ዕቃው ወይም ባዮሱ ነው የደነዘዘው። ዊንዶውስ ላይ ብትውሉ ብታድሩ አትፈቱትም።

ላፕቶፓችሁ የትኛውን ስሊፕ ይጠቀማል?

ሁለት ዓይነት አለ። የቆየው ኤስ3 ይባላል፤ ከላይ የገለጽኩት እሱ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ሞደርን ስታንድባይ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ይሄኛው እንደ ስልክ ነው። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ውስጡ ግን አልፎ አልፎ እየነቃ ኢሜይል ሊቀበል ይችላል።

ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን ተጭናችሁ ተርሚናልን ወይም ፓወርሼልን ክፈቱ። ኃይል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማለትም ፓወርን ጻፉ፤ ሳታላቅቁ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ ፊደላትን ቀጥሉበት፤ ከዚያ ክፍተት፣ ስላሽና ኤ ፊደል፤ ኢንተር። የሚሠሩት የስሊፕ ዓይነቶች ከላይ፣ የማይሠሩት ከነምክንያታቸው ከታች ይዘረዘራሉ።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ቅንብሮቹ ስለሚለያዩ ነው። ሞደርን ስታንድባይ ባለበት ላፕቶፕ ከታች የምነግራችሁ አንዳንድ ሳጥኖች ላይታዩ ይችላሉ። አለመታየታቸው ብልሽት አይደለም። እዚያ ላይ መፍትሔው በአብዛኛው ከድራይቨርና ከባዮስ አፕዴት ይመጣል።

ዊንዶውስ ምን መዝግቧል?

ስታርት ላይ ኢቨንት ቪወር ብላችሁ ፈልጉ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ አትደናገጡ። ቁጥር 42 ኮምፒውተሩ ሊተኛ መሆኑን ያሳያል። ቁጥር 107 መንቃቱን። ፓወር ትራብልሹተር በሚል ስም የተመዘገበው ቁጥር 1 የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት፣ የቀሰቀሰውንም ነገር ይነግራችኋል። በሞደርን ስታንድባይ 506 መግባቱ፣ 507 መውጣቱ ነው።

የነቃበትን ሰዓት ካገኛችሁ በኋላ ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ቀይና ቢጫ ምልክት ያላቸውን መዝገቦች ብቻ አንብቡ። የአንድ ድራይቨር ስም ደጋግሞ ከመጣ ያዙት። ቁጥር 4101 ካያችሁ የስክሪኑ ድራይቨር ቆሞ እንደገና ተነስቷል ማለት ነው።

ቁጥር 41 ላይ ግን አትሳሳቱ። እሱ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይጠፋ መነሳቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ቤት ውስጥ ዴስክቶፕ ስሊፕ አድርጋችሁ ሄዳችሁ መብራት ቢጠፋ ራሙ የያዘውን ይጥላል፤ ስትመለሱ 41 ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ይህ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች ከስሊፕ ይልቅ ሃይበርኔትን ብትጠቀሙ ሥራችሁ ይተርፋል።

አንድ ለውጥ፣ አምስት ሙከራ

አሁን ወደ መፍትሔ እንሂድ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስተኝታችሁ ቀስቅሱት። ይህን አምስት ጊዜ ድገሙ። ውጤቱን ጻፉ። አንዴ ሠራ ማለት ተፈታ ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ችግር ሦስት ጊዜ ሠርቶ በአራተኛው ይጠፋል። አምስት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ ደግሞ የትኛው እንደፈታው አታውቁም። ነገ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ። መጀመሪያ ያቺ የእኔን ችግር የፈታችው ሳጥን። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዋይፋይ ካርዱን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉና ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ታብ ክፈቱ። የመጀመሪያው ሳጥን «ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን መሣሪያ እንዲያጠፋው ፍቀድ» የሚል ትርጉም አለው። ምልክቱን አንሱት። የጠፋው የዩኤስቢ ዕቃ ከሆነ ይህን ያድርጉ የምላችሁ ዩኤስቢ ሩት ሃብ በሚል ስም የተዘረዘሩት ላይ ነው፤ ከአንድ በላይ ስለሆኑ ሁሉም ላይ።

ቀጥሎ የኃይል ቅንብሩ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የምትጠቀሙበት ፕላን ዝርዝር ቅንብር። ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዲሰብል አድርጉ። ዋይፋዩ ወይም ስክሪን ካርዱ ከሆነ ችግር ያለበት፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚለው ሥር ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንትን ኦፍ አድርጉ። ባትሪያችሁ ትንሽ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ለውጥ ካላመጣ ወደነበረበት መልሱት።

ሦስተኛው ድራይቨሩ ነው። ችግሩ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የጀመረ ከሆነ የመሣሪያው ድራይቨር ታብ ውስጥ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል ቁልፍ አለ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ የቀድሞው አልተቀመጠም። ያኔ ወደ ላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ሂዱና በሞዴላችሁ ወይም ከሥር በተጻፈው መለያ ቁጥር የተዘጋጀውን አውርዱ። ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ፎርማት ተደርጎ ይመጣል፣ የተጫነበትም ድራይቨር ለሁሉም የሚሆን ጥቅል ነው። ቀን ላይ ደህና ይሠራል፤ የስሊፕን ነገር ግን ሁልጊዜ አያውቅበትም። የአምራቹን ድራይቨር መጫን ብቻውን የፈታባቸውን ላፕቶፖች አይቻለሁ።

አራተኛው የባዮስ አፕዴት ነው። የአፕዴቱን ማብራሪያ አንብቡ፤ ስለ ስሊፕ ማስተካከያ የሚል ነገር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ባዮስ እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይቆይ፣ በመሃል ምንም አትንኩ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር፣ ይህን እንዳታደርጉ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነም አስቀድማችሁ ሰስፔንድ አድርጉት (ለጊዜው አቁሙት)፤ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥርም ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ያዙ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር

ይህ ብቻውን መታየት አለበት። ላፕቶፑ ጨርሶ አልነቃም ወይስ ነቅቶ ስክሪኑ ብቻ ነው የቀረው? ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ የቀረው ስክሪኑ ነው። ያኔ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። የስክሪኑ ድራይቨር እንደገና ይነሳል። የውጭ ስክሪን ከሆነ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ነቅላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ።

የካፕስ ሎክ መብራት ካልተንቀሳቀሰች ግን ኮምፒውተሩ ራሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። የማብሪያ ቁልፉን ይዞ ከማጥፋት ሌላ ምርጫ የለም። በየጊዜው የሚጠፋው መሣሪያ የተለያየ ከሆነና አንዳንዴም ሰማያዊው የስህተት ገጽ የሚመጣ ከሆነ ራሙን መርምሩ። ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል።

የውጭ ሃርድ ዲስክ ለምትጠቀሙ ደግሞ፦ ፋይል እየተገለበጠ ክዳን አትዝጉ። ከማስተኛታችሁ በፊትም ኢጀክት አድርጉት። ዋይፋይ ቢጠፋ ይመለሳል፤ ዲስክ ሲጻፍ ቢጠፋ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ዕቃው ነው ወይስ ዊንዶውስ?

ሁሉንም ሞክራችሁ አልፈታ ካለ አንድ ጥሩ ዳኛ አለ፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱን፣ ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ከፍላሹ አስነሱት። ምንም ሳትጭኑ የሚሞከርበት ምርጫ አለው፤ ፋይላችሁን አይነካም። እዚያ ላይ ዋይፋዩን አገናኙ፣ አስተኙት፣ ቀስቅሱት። አምስት ጊዜ።

ሁሌም በደህና ከነቃ ዕቃችሁ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው የዊንዶውሱ ድራይቨር ወይም ቅንብር ላይ ነው፤ ለአዲስ ካርድ ገንዘብ አታውጡ። እዚያም ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ዕቃውና ወደ ባዮሱ በብርቱ ይሄዳል። የሊኑክስ ድራይቨርም የራሱ እንከን ሊኖረው ስለሚችል የመጨረሻ ፍርድ ነው አልልም። ነገር ግን ጥገና ቤት ሄዶ ካርዱን አውጥቶ እንዲያዩት ወይም በሌላ እንዲሞክሩት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ጥገና ቤት ስትሄዱ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ዋይፋይ አይሠራም» ብቻ ካላችሁ ፎርማት ይደረጋል። «ከስሊፕ በኋላ ከዲቫይስ ማኔጀር ይጠፋል፣ ሪስታርት አይመልሰውም፣ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ሳፈስሰው ይመለሳል፣ ሊኑክስ ላይም ያው ነው» ካላችሁ ግን ቴክኒሻኑ የት እንደሚጀምር ያውቃል።

አምራቹ አፕዴት ማውጣት ያቆመበት የቆየ ላፕቶፕ ከሆነ ስሊፕን ትቶ ሃይበርኔትን መጠቀም ይቻላል። ከሃይበርኔት ሲነሳ ዕቃዎቹ ከባዶ ስለሚጀምሩ ብዙ ጊዜ ችግሩ አይታይም። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የኃይል ቁልፎች ምን ይሥሩ የሚለው ገጽ ላይ ሃይበርኔትን አብሩ፤ ክዳን ሲዘጋም ሃይበርኔት እንዲያደርግ ምረጡ። ዲስኩ ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ ከሆነ የሚነሳበት ጊዜ ብዙም አያስቸግርም።

ያቺን ሳጥን ደግሞ ከእያንዳንዱ ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ተመልከቷት። የእኔ ሁለት ጊዜ ምልክቷ ተመልሶ አግኝቻታለሁ።